ድንቡሎ የሌለው ድንቡሎ

የእህቴ ልጅ ሚጣ አራት ዓመቷ ነው። ድንቡሎ የሚባል ጓደኛ አላት፤ ከእሷ በቀር ያየው ሰው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሁለታችን ማለቴ ነው።

ስለ ልጆች ጨዋታ ሲያስተምር የሚውል ሰው የመጀመሪያውን ሕግ መርሳት አልነበረበትም፤ ከመቀመጥህ በፊት «የት ነው ያለው?» ብለህ ጠይቅ። ሳልጠይቅ ዘፍ አልኩ።

«ጋሼ! ድንቡሎ ላይ ተቀመጥክበት!»

ብድግ አልኩ። እስከዚህ ደህና ነበር። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል» ሲል ግን፣ «ድንቡሎ መሬት እቀመጣለሁ ብሏል» አልኩ።

«አላለም!»

ሁለተኛው ሕግ ይኼው ነበር፤ የልጅን ጓደኛ አንደበት አትንጠቅ። ድንቡሎ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚያኮርፍ የምትወስነው ሚጣ ናት። ቀኑን ሙሉ «ተነሽ፣ ታጠቢ፣ ተኚ» የምትባል ልጅ በስንት መከራ የምታዝዘው ሰው ብታገኝ እሱንም ስንቀማት ታለቅሳለች፤ አለዚያም ጓደኛውን እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። «ድንቡሎ ጎመኑን ብዪ ብሏል» የምትሉ ወላጆች፣ አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። «ድንቡሎስ ጎመን ይወዳል?» ብትሏት ግን መልሱን እሷ ስለምትሰጥ አንዳንዴ ሁለት ጉርሻ ይገኝበታል። ሻይ ደፍታ «ድንቡሎ ነው» ካለች ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ ጨርቁን ሰጥቶ «እንግዲያው ሁለታችሁ ጥረጉት» ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰውዬ ሚኒባስ ውስጥ ሕፃን እያስጮኸ ነው።

«ቦታው ተይዟል ካላችሁ ሂሳቡን!» አለ ረዳቱ። ስሙን ሲሰማማ የባሰ አመረረ፤ «ድንቡሎ ሳይከፍልማ ድንቡሎ አይሄድም!»

ሰዉ ሳቀ። ከፈልኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ አልሳቁም። «ኧረ ልጄ፣ ጂን እንዳይሆን። ዱአ አስደርጉላት።»

«አብሽሩ፣ እማማ» ብዬ ዞርኩ፤ ዞሬም ቀረሁ። ማርጆሪ ቴይለር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን ጥናት ጀመርኩላቸው። 100 ልጆች ነበሩ፤ እስከ ሰባት ዓመታቸው 65 ከመቶዎቹ በሆነ ጊዜ እንዲህ ያለ ጓደኛ ኖሯቸዋል፤ ነፍስ ዘርተው የሚያናግሩት አሻንጉሊትም ተቆጥሮ። የበኩር ልጆችና ብቸኛ ልጆች ላይ ይበዛል፤ ጊዜውን የሚሞላ እኩያ ቤት ውስጥ የለማ። ሚጣ ድንቡሎን ስታባብል፣ ስትቆጣው፣ መልሱን ራሷ ስትመልስ፣ ሌላ ሰው ከእሷ የተለየ ሐሳብ እንዳለው እየተለማመደች ነው። «እቃቃ ስንጫወት ጭቃው ዶሮ ወጥ፣ ሳሩ ጎመን ሲሆን ማን ጂን አለን?» አልኳቸው።

«እሱስ ልክ ነው» አሉ እማማ፣ በግማሽ ልብ።

ይህን የምለው ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ስንወርድ ነው። ሐረጎን ወደ ኋላ ዞሮ፣ እያስተማሩ መውረድን ለማንም አልመክርም። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቁርሴ ወደ ጉሮሮዬ መጣ። እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ የሚያሳስበውን ጨመርኩ፦ ጓደኛው ልጅቷን ራሷን ወይም ሌላ ሰው ጉጂ የሚላት፣ እሷም ማስቆም አቅቷት የምትፈራው ከሆነ፣ ወይም ከእውነተኛ ልጆች ጋር መጫወት ጨርሳ ከተወች፣ ያኔ ሐኪም ማማከር ይገባል። ከዚያ ውጪ ግን አብዛኞቹ ልጆች ጓደኛቸው በእውን እንደሌለ አሳምረው ያውቃሉ፤ እንዲያውም ጠያቂው አምርሮ ሲጠይቃቸው…

ሚጣ እጅጌዬን ጎተተች። ጆሮዬ ላይ ልታንሾካሹክ ፈልጋ ነበር፤ የአራት ዓመት ልጅ ሹክሹክታ ግን ሾፌሩም ጋ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ ድንቡሎ እኮ የውሸት ነው። ለምን ከፈልክለት?»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ለሳቅ። እማማም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ረዳቱ ገንዘቡን ይመልስ ይሆናል ብዬ አየሁት፤ በመስኮት ተራራውን ያደንቃል።

ኮምቦልቻ ደርሰን «ወራጅ» አልኩ። ፀሐይዋ ከወዲሁ ታቃጥላለች። ሚጣን አወረድኳት፤ ባዶውን መቀመጫ በእጇ ተሰናበተችው።

«ድንቡሎ አይወርድም እንዴ?»

«ኮምቦልቻ ይሞቀዋል። ደሴ ይመለሳል።»

ረዳቱ በሩን እንደያዘ እጁን ዘረጋ።

«የመመለሻውን፣ ጋሼ።»