ሎግ በእጅ ሮቴት ማድረግ፦ ደሴ ላይ የምንሠራበት አካሄድ

ደሴ ላይ የማስተዳድረው ሰርቨር የኮምቦልቻና የባቲ ሱቆች ሽያጫቸውን የሚመዘግቡበት ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ የዚያን ቀን ሎግ (ፕሮግራሞች የሠሩትን የሚመዘግቡበት ፋይል) ከሌላው ቀን በእጅጉ ያብጣል። ያደገውን ሎግ ወደ ጎን አድርጎ በአዲስ ፋይል መጀመር ሮቴት ማድረግ ይባላል፤ መደበኛውን ሥራ ሎግሮቴት የሚባለው ፕሮግራም በራሱ ይሠራዋል። ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ ወይም ሎግሮቴት ላይ ያልገባ ፕሮግራም ሲኖር ግን በእጅ መሥራት ግድ ይላል።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ፕሮግራም ሎጉን አንዴ ከከፈተ በኋላ ስሙን አያይም፤ የሚጽፈው በያዘው አይኖድ (ስሙ ቢቀየርም ፋይሉን ራሱን በሚወክለው የዲስክ መዝገብ) ላይ ነው። በኤምቪ (ስም በሚቀይረው ወይም ፋይል በሚያዛውረው ትእዛዝ) ስሙን ብትቀይሩትም እዚያው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል። በድሮው ስም አዲስ ፋይል ብትፈጥሩለትም ዜሮ ባይት እንደሆነ ይቀራል። ስም መቀየር የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ለፕሮግራሙ መንገር ነው።

መጀመሪያ በዲኤፍ ትእዛዝ ዲስኩ ላይ የቀረውን ቦታ አያለሁ፤ አይኖድም ሊያልቅ ስለሚችል እሱንም አብሬ አያለሁ። ቀጥሎ በስማቸው ላይ ቁጥር ያላቸውን አሮጌ ሎጎች ከመጨረሻው ቁጥር ጀምሬ አሸጋግራለሁ፦ 4 ወደ 5፣ 3 ወደ 4 እያልኩ። ከ1 ከጀመራችሁ ግን 1 በ2 ላይ ይጻፍበታል፣ የ2 መረጃም እዚያው ይጠፋል። ከዚያ የአሁኑን ሎግ 1 ብዬ እሰይመውና ለኤንጂንኤክስ (ለድር ሰርቨር ፕሮግራሙ) ዋና ፕሮሰስ ሎጉን እንደገና እንዲከፍት የሚነግረውን ዩኤስአር1 የሚባል ሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ አጭር መልእክት) በኪል ትእዛዝ እልክለታለሁ። ለአርሲስሎግ (የሲስተሙን ሎግ ለሚጽፈው ፕሮግራም) ሲግናሉ ሃፕ ነው። ሪስታርት አያስፈልግም፤ ሱቁ ሽያጭ እያስገባ ሳለ ግንኙነቱን ለምን እንቆርጥበታለን?

ፋይል የሚጨምቀው ጂዚፕ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም አዲሱ ፋይል ሲያድግ፣ አሮጌው ደግሞ ሲቆም በዓይን ከታየ በኋላ። ፕሮግራሙ አሮጌውን ሳይለቅ ከተጨመቀ፣ ጂዚፕ ዋናውን ሲያጠፋ በመሀል የተጻፈው አብሮ ይጠፋል። እኛ ጋ መብራት ድንገት ስለሚሄድ ዋናውን የማያጠፋውን የኬ አማራጭ ነው የምጠቀመው፤ ወደ ዲስኩ በእርግጥ እንዲጻፍ ሲንክ አድርጌ፣ የተጨመቀውን በቲ አማራጭ ፈትሼ ደህና ሲሆን ብቻ ዋናውን እሰርዛለሁ። የጽሑፍ ሎግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል፤ ሆኖም ሁለቱ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ዲስኩ ጨርሶ እስኪሞላ መጠበቅ አያዋጣም።

ሰዎችን በብዛት የሚያስቸግረው ፋይል የሚሰርዘው አርኤም ነው። በሥራ ላይ ያለ ሎግ ሲሰረዝ ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። ዲኤፍ ዲስኩ ሞልቷል ይላል፣ የፋይሎችን መጠን የሚደምረው ዲዩ ግን ያን ያህል ፋይል አያገኝም። ኤልኤስኦኤፍ (የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) የተሰረዘውን ፋይል የያዘውን ፕሮሰስና የፋይል ቁጥሩን ያሳያል። ፕሮሰሱን መግደል የማይቻል ከሆነ በፕሮክ (ሲስተሙ ስለ ፕሮሰሶች መረጃ በሚያሳይበት ማውጫ) ሥር በፕሮሰሱ ቁጥር ተገብቶ ኤፍዲ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያንን ቁጥር ባዶ ማድረግ ቦታውን ወዲያው ያስለቅቃል። ሎጉን በኤምቪ ወደ ሌላ ፓርቲሽን መውሰድም ያው ነው፤ በውስጡ ቀድቶ መሰረዝ ስለሆነ ፕሮግራሙ በተሰረዘው ላይ መጻፉን ይቀጥላል።

ሲግናል የማይሰማ ፕሮግራም ከሆነ ሎጉን ቀድቶ ዋናውን በትራንኬት ትእዛዝ ዜሮ ማድረግ ይቻላል። በሁለቱ መሀል የገባ መስመር ግን ይጠፋል፤ ለሽያጭ መዝገብ ይህን አልመክርም። ፕሮግራሙ ሎጉን በአፔንድ (ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ እንዲጨምር) ካልከፈተው ደግሞ ካቆመበት ቦታ ይቀጥላል፦ ፋይሎችን በሚዘረዝረው ኤልኤስ ላይ ፋይሉ እንደ ድሮው ትልቅ፣ ዲዩ ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል፣ መጀመሪያው በባዶ ባይት ይሞላል።

አዲስ ፋይል በእጅ ከፈጠራችሁ ባለቤቱና ፈቃዱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ የፈጠራችሁትን ሌላው ተጠቃሚ ላይጽፍበት ይችላል።

ሰዓቱንም አጣሩ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ከተሞላ የእሱ 00:00 የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሱቆቹ ያን ጊዜ ዝግ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ የሰኞን ሎግ በቀኑ ስትፈልጉ ግን ከእኩለ ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ያለው በእሁድ ቀን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የተጨመቀውን ሳትፈቱ በዜድግሬፕ ትእዛዝ መፈለግ ይቻላል።