የምላጭ መሳያ ድንጋይ ስለ መምረጥ

ለሚታጠፈው የጢም ምላጭ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መጨረሻው፣ ስለ ልሙ ድንጋይ ነው። እኔ ግን መሳሉን እየለመድኩ በሄድኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚያርፈው በመጀመሪያው፣ በ1000 ቁጥሩ ድንጋይ ላይ ሆኗል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ልም ነው። ሁለቱ የስለቱ ገጾች ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልተገናኙ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድንጋይ የቱንም ያህል ልም ቢሆን ምላጩን ያብረቀርቀዋል እንጂ ስል አያደርገውም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብረቱን ፈጥኖ የሚበላ፣ ራሱ ግን ቶሎ የማይጎደጉድ ድንጋይ እመርጣለሁ፤ ስለቱ በየትኛውም ቦታው የክንድ ፀጉር እስኪላጭ ድረስም ወደሚቀጥለው አልሻገርም።

ቢላ ሲሳል ማዕዘኑን የሚጠብቀው የሳዩ እጅ ነው። ምላጭ ግን ጀርባውና ስለቱ አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ተኝተው ስለሚሄዱ፣ ማዕዘኑን የሚወስኑት የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም 16 ወይም 17 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሆኑም የድንጋዩ ጉድጓድና ጉብታ በቀጥታ ወደ ስለቱ ይተላለፋል። የድንጋዩን ገጽ በእርሳስ አሰምሬ፣ መስመሮቹ ሁሉም እኩል እስኪጠፉ ድረስ በአልማዝ ሰሌዳ መፋቅን የመሳሉ አንድ ክፍል አድርጌ የምቆጥረው ለዚህ ነው።

ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በጃፓን መለኪያ የ1000 ድንጋይ ቅንጣት ወደ 11.5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ)፣ የ8000 ደግሞ ወደ 1.2 ማይክሮን ሲሆን፣ የአሜሪካው ድንጋይ አምራች ኖርተን 8000 ብሎ የሚሸጠው ግን 3 ማይክሮን ነው።

ለማጠናቀቂያ ልቤ የሚያደላው በቤልጅየም አርደን ከቪየልሳልም አካባቢ ወደሚወጣው፣ ኮቲኩል ወደሚባለው ቢጫ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው። በውስጡ ያሉት የጋርኔት (ብረት የሚበላ ጠንካራ ማዕድን) ቅንጣቶች ብዙ ገጽ ያላቸውና ወደ ክብነት የቀረቡ በመሆናቸው፣ መጠናቸው ከሰው ሠራሽ ልም ድንጋይ ቅንጣት ቢበልጥም ብረቱ ላይ የሚተዉት ጭረት ጥልቀት የለውም። በትንሽ የኮቲኩል ቁራጭ ሲታሽ የሚያወጣው ወተት መሰል ጭቃ በፍጥነት ይቆርጣል፤ ውሃ በጠብታ እየተጨመረበት ሲቀጥን ደግሞ ሥራው እየረጋ ይሄድና በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይጠናቀቃል። ከዚህ ስለት የማገኘው የፊት ምቾት በጣም ያስደስተኛል። ይሁንና ከተፈጥሮ የወጣ ስለሆነ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ይለያል፤ ገና ለሚጀምር ሰው፣ ባሕርይው ዛሬም ነገም አንድ የሆነ ሰው ሠራሽ 12000 ድንጋይ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ስለቱ ሳይሳካ ሲቀር ጥፋቱን ከድንጋዩ ሳይሆን ከቀደሙት ደረጃዎች ለመፈለግ ያስችለዋል።