ከለውዝ ልጣጭ አንቲኦክሲደንት ሳወጣ

የለውዝ ፍሬን የሸፈነችውን ስስ ቀይ ልጣጭ ለብቻዋ ብታኝኳት ምላስ ትይዛለች። ታኒን ስላላት ነው። ታኒን ከፖሊፌኖሎች አንዱ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ዘይት ቶሎ እንዳይከረፋ የሚከላከሉ አንቲኦክሲደንቶች ናቸው። ለውዝ የሚያቀነባብር ፋብሪካ ግን ልጣጩን ብዙ ጊዜ ይጥለዋል፣ ቢበዛ ለከብት መኖ ያውለዋል።

ትልቁ ሥራ ያለው ላብራቶሪ ከመግባት በፊት ነው። ልጣጩ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተላጠ ከሆነ ብዙው ፖሊፌኖል ከውሃው ጋር ሄዷል። በደረቁ የተላጠውን ብቻ ነው የምቀበለው። ሻጋታ የነካውን ደግሞ በነፃም አልወስድም። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን ይተዋል። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ይባስ ብሎ ፖሊፌኖሉን የሚያወጣው አልኮል መርዙንም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በዓይን ንጹሕ የሚመስለውንም ሳላስመረምር አልነካም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ልጣጩን ነፍቼ ፈጨሁት፣ ከፍሬው ስብርባሪ የመጣውን ዘይት በሄክሴን፣ ማለትም ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ አስወገድኩ። ቀጥሎ 1 ግራም ልጣጭ በ20 ሚሊ ሊትር ሂሳብ፣ 70 በመቶ ኢታኖል ውስጥ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት እያማሰልኩ አቆየሁት። ለምን ንጹሕ አልኮል አይሆንም? ውሃ ሲጨመርበት የበለጠ ያወጣል። ውሃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስኳርና ፕሮቲን ይበዛበታል፣ ማጣራቱም ፈተና ነው። ዕቃው ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ተራ ብረት ከታኒኑ ጋር ተገናኝቶ ፈሳሹን ያጠቁረዋል። ኢታኖሉን በቫኪዩም (አየር በተመጠጠበት ዕቃ)፣ በ40 ዲግሪ አካባቢ አትንኜ መልሼ ሰበሰብኩት። እሳት አጠገቡ ድርሽ እንዳይል!

ቀይ ቡናማ ዱቄት ቀረልኝ። በዲፒፒኤች፣ ማለትም አንቲኦክሲደንት ሲያገኘው ቀለሙን በሚለቅ ኬሚካል ስሞክረው፣ ሐምራዊው ፈሳሽ ዓይኔ እያየ ወደ ቢጫ ተለወጠ። ደስ ይላል፣ ግን በዚህ ብቻ አትፈንድቁ። ሙከራው የሚነግራችሁ ዱቄቱ በአልኮል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው። የጠቅላላ ፖሊፌኖል ልኬቱም ቢሆን ቫይታሚን ሲንና አንዳንድ ስኳሮችን አብሮ ይቆጥራል።

እውነተኛው ፈተና ዘይቱ ላይ ነው። ዱቄቱ የተጨመረበትን ዘይት፣ ምንም ካልተጨመረበትና ቢኤችቲ (ሰው ሠራሽ አንቲኦክሲደንት) ከተጨመረበት ዘይት ጎን ለጎን በ60 ዲግሪ ምድጃ አስቀምጬ፣ ዘይት መከርፋት ሲጀምር የሚፈጠረውን የፐርኦክሳይድ መጠናቸውን ተከታተልኩ። ዱቄቱ እንደ ቢኤችቲ አይሟሟም፤ ውሃ ወዳድ ስለሆነ አብዛኛው ከጠርሙሱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሥር የተጋደመ አንቲኦክሲደንት ላይኛውን ዘይት ምን ያግዘዋል? ውሃም ስብም ያለበት የተፈጨ ሥጋ ይሻለዋል፤ በበሰለ ሥጋ ላይ የስቡን መክረፋት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እዚያም ቢሆን ብዙ ከጨመራችሁበት መልኩ ይጠቁራል፣ መምረሩም ይታወቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዱቄቱ ውስጥ የለውዝ ፕሮቲን ሊቀር ይችላል። የለውዝ አለርጂ ያለበትን ሰው ለሞት የሚያሰጋው ይኸው ፕሮቲን ስለሆነ፣ ምግብ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ማሸጊያው ላይ «ለውዝ አለበት» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት።