እናቴ ወደ ኋላ ያስመለሰችኝ ትዕይንት

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ፊልም ስናይ አጠገቧ ተቀምጬ የሚሉትን በአማርኛ እነግራታለሁ። ዓመታት የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ተክኜበታለሁ። ስድቡን አለሳልሳለሁ፣ የማይረባውን ወሬ «ዝም ብለው ነው የሚያወሩት» ብዬ አልፈዋለሁ።

ጄሲካ ጆንስን የጀመርነው ሥራ ይቀልልኛል ብዬ ነበር። የሱፐር ሂሮ ድራማ ሲባል የታየኝ ካባ፣ ጭምብል፣ ከፎቅ ፎቅ መዝለል ነው፤ ድብድብ አስተርጓሚ አይፈልግም። ድራማው በአውሮፓውያኑ 2015 የወጣ ነው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 13 ክፍል አለው። ካባ የሚባል ነገር የለበትም። ክሪስተን ሪተር የምትጫወታት ጄሲካ መኪና በእጇ ይዛ የምታስቆም ሴት ናት፤ ግን ቀን ከሌት ትጠጣለች፣ ለእንጀራዋ የሚማግጡ ባሎችን እየተከታተለች ፎቶ ታነሳለች፣ ሌሊት ባንና ትነሳለች። ሲጨንቃት ያደገችበትን ሰፈር የመንገድ ስሞች ተራ በተራ ትጠራለች።

«ምንድነው የምትደግመው?» አለች እናቴ።

«የመንገድ ስም።»

«ጠፍታ ነው?»

«አይ» አልኳት። አሁን ሳስበው አዎ ብላት ይሻል ነበር።

ለዚህ ያበቃት ሰውዬ ኪልግሬቭ ይባላል፤ ዴቪድ ቴናንት ነው የሚጫወተው። ጡንቻ የለውም፣ መሣሪያ አይዝም፣ ጥሩ ሱፍ ይለብሳል። በአፉ ያለውን ሁሉ ሰው ያደርግለታል፣ በቃ። ጄሲካንም ድሮ እንዲሁ ይዟት ነበር። ይህን እንዴት አስረዳታለሁ ብዬ ስጨነቅ፣ ገና ሳልጨርስ «አፍዝ አደንግዝ ነዋ!» ብላ ገላገለችኝ።

የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ፣ ከሰውዬው እጅ ያወጧት ሆፕ የምትባል ወጣት ሊወስዷት የመጡትን እናትና አባቷን ሊፍት ውስጥ በጥይት ገደለች። ያዘዛት እሱ ነው፤ የታሰረችው እሷ። ከዚያ በኋላ ጄሲካ የምትለፋው በአብዛኛው ሰውዬውን ለመግደል አይደለም። በሕይወት ይዛ፣ ችሎታው እውነት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ለማግኘት ነው፤ አለዚያ ሆፕን የሚያምናት የለም። መኪና የሚያነሳ ክንድ ለዚህ ምንም አይሠራም። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ጉልበት ያላት ሴት ተጎዳሁ ብላ የምትታመንበት ጉልበት ግን የላትም።

ሰውዬው ደግሞ «ፈገግ በይ» ይላል። ይህን ስተረጉም ድምፄ ዝቅ አለ። በመጀመሪያ ሥራዬ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ አንድ አለቃ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ዳርና ዳር ላይ አድርጎ ወደ ላይ እየሳበ ያሳየኝ ነበር። ቃል እንኳ አያወጣም። ማታ ቤት ስገባ ጉንጬን ያመኝ ነበር። ለእናቴ ያኔም አልነገርኳትም፣ አሁንም አልነገርኳትም።

ወደ 8ኛው ክፍል ልምጣ። ኪልግሬቭ የጄሲካን የልጅነት ቤት ገዝቶ፣ ልክ ድሮ እንደነበረው አድርጎ አሳምሮታል። እሷም ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ስትል አብራው ልትኖር ገብታለች። ይከራከራሉ። ውድ ሆቴል አሳደርኩሽ፣ ምርጥ ምርጡን አበላሁሽ፣ ምን አጎደልኩብሽ ይላታል። ያኔ ቃሉን ትነግረዋለች። እንደ አንገቱ ማነቂያ ይሆንበታል፤ ያን ቃል እጠላዋለሁ ይላል።

እኔም ቃሉን ሸሸሁት። «ክብሬን ነካህ አለችው» ብዬ ለእናቴ ተረጎምኩላት።

እናቴ ግን ዓይኗ ሰውዬው ላይ ነበር። «ታዲያ ክብሬን ነካህ ስላለችው ነው እንዲህ የሚሆነው? ሌላ ነገር ብላዋለች። መልሺው።»

መለስኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሰማነው። «ደፈርከኝ ነው ያለችው» አልኳት፤ እናቴ ፊት ይህን ቃል ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ እንደሱ አትይም?» ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

ያን ሌሊት ቃሉ አላስተኛኝም። ጨለማውን የደፈረ፣ ፈተናውን የደፈረ፣ ልቡ ደፋር የሆነ እንላለን፤ ሙገሳ ነው። ሴት ላይ ሲመጣም ያው ግስ ነው። ለእሷ የተረፈላት «ተደፈረች» ነው፣ እንደ ድንበር፣ እንደ አጥር። የሕግ ቋንቋ ፊቱ ላይ «አስገድዶ» የሚል ይጨምርበታል። ጥሩ፣ ግን «አስገድዶ» ሲባል የሚታየን ቡጢ ነው፣ ቢላ ነው፣ የተቀደደ ልብስ ነው። ኪልግሬቭ ማንንም አይመታም። ይናገራል፣ ሰዉ እሺ ይላል። እሱ ራሱ ክርክሩን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ፈልጎ ያድርገው እኔ ስላልኩት ያድርገው በምን አውቃለሁ ይላል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! እሺታው ከየት እንደወጣ የሚጠይቅ ተረት ግን አላስታውስም።

አንድ ነገር ላመስግን። ጥቃቱ ራሱ በድራማው አንድም ቦታ አይታይም። የድራማው ፈጣሪ ሜሊሳ ሮዘንበርግ ሆን ብላ የተወችው ነው። የሚታየው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ መጠጡ፣ መባነኑ፣ የኮሪደር ጥግ መፍራቱ። እኔ ግን ይህን ስላላወቅኩ አሥራ ሦስቱንም ክፍል ሪሞቱን በእጄ ይዤ ነው ያየሁት፣ ከእናቴ ጋር እንዳላፍር። አንድም ጊዜ አላስፈለገኝም። (ፖሊሱ ሲምፕሰን ክኒን እየዋጠ የሚያብድበትን ታሪክ ብዘለው ግን ደስ ባለኝ። ይረዝማል።)

እናቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት፤ «ያን ጊዜ ለምን ጥላው አልሄደችም?» እኔ በትዕዛዝ ተይዛ ነው እላለሁ፣ እሷ ትንሽ ቆይታ ትመልሰዋለች። 10ኛው ክፍል ላይ ሰውዬው ራሱ ጠየቀላት። አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ሳለን ትዕዛዜ አልቆ ነበር፣ 18 ሰከንድ ነፃ ነበርሽ፣ አልሄድሽም፤ ስለዚህ ወደሽኛል አላት። ቆጥሮታል! ጄሲካ ግን ያቺን 18 ሰከንድ ከእሱ በላይ ታስታውሳታለች። ጭንቅላቷ ውስጥ እሱ የሌለበትን አንዲት ቅጽበት ስትጠብቅ ነበር፤ ስታገኛት ልትሄድ ስትል ጠራት፣ ተመለሰች። ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

«18 ሰከንድ ስንት ነው?» አለች እናቴ።

ስልኬን አውጥቼ ቆጠርኩላት። አስራ አንድ ላይ ስደርስ «በቃ፣ በቃ» አለች። ጥያቄውን ከዚያ በኋላ አላነሳችውም።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው ጄሲካን እንደገና የያዛት ይመስለዋል። ፈገግ በይ ይላታል፣ ፈገግ ትላለች፣ ይጠጋታል። የራሱን ቃል መልሳ ትነግረውና አንገቱን ትቀነጥሰዋለች። እናቴ አጨበጨበች፤ የሰው ሞት አይታ ስታጨብጭብ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ግን ጄሲካ ወደዚያው የተሰባበረ ቢሮዋ ተመለሰች። ስልኩ አያቋርጥም፣ እርዳታ የሚፈልግ ሰው ነው። እሷ አታነሳም፣ ጎረቤቷ ማልኮም ያነሳላታል።

እናቴ ትንሽ አየቻትና «ሰውዬው ሞተ አይደል እንዴ? አሁን ደግሞ ምን ሆና ነው የምታኮርፈው?» አለች።

«ነገ ሁለተኛውን ምዕራፍ እንጀምራለን» ብዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።