መምህር ሆናችሁ ወደ አሜሪካ ልትሄዱ ከሆነ፣ የወጪ መጋራታችሁን ጨርሳችሁ ሂዱ

ዲቪ የደረሰው መምህር ከዘመድ የሚሰማው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በርበሬህን ያዝ፣ ሽሮህን ያዝ፣ የልደት ሰርተፍኬትህን እንዳትረሳ። ሽሮ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በየሐበሻው ሱቅ ይሸጣል። ማንም ያልነገረኝ፣ በሬጅስትራር ማኅተም የታሸገ ትራንስክሪፕት ሳይዙ ከቦሌ መነሳት ምን እንደሚያስከፍል ነው።

ዛሬ በሜሪላንድ ግዛት በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው ከኋላዬ የሚመጣው መምህር በራሱ ሳይሆን በእኔ ኪሳራ እንዲማር ነው።

መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ መኪና ማቆሚያ ተቀጥሬ ሠራሁ፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት መምህር ሆኜ ተቀጠርሁ። የመምህርነት ፈቃድ ለማግኘት የሚጠየቀው ነገር ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ ዲግሪን ማስገምገም፣ ፕራክሲስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ፣ የጣት አሻራ መስጠት፣ ቀጣሪ ማግኘት። አሻራው የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው። በፈተናውም ሒሳቡ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ስክሪኑ ላይ ያለው ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ፓራቦላ እየሳለ የኖረ ሰው ያንን መሣሪያ ለመልመድ ከጥናቱ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ለፈተናው የምትዘጋጁ ካላችሁ ቀመር መሸምደዱን ተዉትና ካልኩሌተሩን ልመዱት።

ዲግሪ የሚገመግሙት ናሴስ የሚባለው ማኅበር አባል የሆኑ ድርጅቶች ናቸው። እንደ እኔ በሦስት ዓመቱ መርሐ ግብር የተመረቃችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ የኢትዮጵያን የሦስት ዓመት ዲግሪ እንዴት እንደሚያዩት ጠይቁ፤ ሁሉም በአንድ ዓይን አያዩትም። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ትዕግሥት ላለው ሰው የሚያልፍ ነው።

ያላለፈው የወጪ መጋራት ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው ደንብ መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ከምግቡ፣ ከመኝታውና ከትምህርቱ ወጪ ድርሻውን ኋላ ለመክፈል ውል ይፈርማል። ይህ ሳይጠናቀቅ ጊዜያዊ ዲግሪ ይሰጠዋል እንጂ ዋናው ዲግሪም ሆነ ወደ ውጭ የሚላክ ትራንስክሪፕት አይሰጠውም። መምህርነትን የመረጠ ግን ዕዳውን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት መወጣት ይችላል። እኔም ወሎ ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ ከተፈለገብኝ ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ዕዳ የለብኝም ብዬ እኖር ነበር። ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያውቀው ግን እኔና ተማሪዎቼ ብቻ ነበርን።

ለዲግሪ ግምገማው ትራንስክሪፕቴን እንዲልክልኝ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ኢሜይል ጻፍሁ፤ መልስ የለም። ደወልሁ፤ የሚያነሳ የለም። ለእህቴ ውክልና ላክሁላት፤ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ አለፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ውክልናው ውስጥ «ትራንስክሪፕት ማውጣትና የወጪ መጋራት ጉዳይ ማስፈጸም» የሚሉት ቃላት በግልጽ ካልሰፈሩ «በስሜ ማንኛውንም ጉዳይ» የሚለው ሐረግ ምንም አይሠራም። የእህቴን የመጀመሪያ ውክልና መስኮቱ ላይ ያለው ሰው በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ «ይህ ቤት ለመሸጥ ነው የሚሆነው» ብሎ መለሰላት። የምሸጠው ቤት ቢኖረኝ ኖሮ!

ሁለተኛው ውክልና ሲደርስ ሬጅስትራሩ ማገልገሌን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠየቀ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ የግል ማኅደሬ እንደሌለ ነገራት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘርፏል፣ ሰነድም ተቃጥሏል። ይህን ለመረዳት አልከበደኝም። የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ራሴ ለመሄድ ወሰንሁ፤ ግን መቼ? የአሜሪካ ትምህርት ቤት ሠራተኛ ሆኖ አገር ቤት በዓል ማክበር እንዴት እንደሚያስቸግር የቀመሰው ያውቀዋል። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት ትምህርት ገና እንደተከፈተ ነው። የእኛ ገና የሚውለው የእነሱ የገና ዕረፍት አልቆ ሁሉም ወደ ክፍል ከተመለሰ በኋላ ነው። ጥምቀትማ የማይታሰብ ነው። ረጅሙ የበጋ ዕረፍታቸው የእኛ ክረምት ስለሆነ የሚገጥማችሁ ፍልሰታና ቡሄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያን ጊዜ በክረምት ሠልጣኝ መምህራን ይጨናነቃሉ። የቀረው ፋሲካ ነው፤ እሱም ከምዕራባውያኑ ፋሲካ ጋር የሚገጥመው በአንዳንድ ዓመት ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም ሚያዝያ 12 ቀን ዋሉ። የጸደይ ዕረፍታችን በዚያው ሳምንት ስለነበር ትኬት ቆረጥሁ። ከዋሽንግተኑ ዱለስ አየር ማረፊያ ቦሌ፣ ከቦሌ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በመኪና።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ማለዳ ጽሕፈት ቤቱ ደረስሁ። መዝገብ ቤት የተቀመጡት ወይዘሮ አስታወሱኝ፤ ልጃቸውን አስተምሬያለሁ። እየጾሙ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሲባጎ የታሰሩትን ማኅደሮች አንድ በአንድ እያወረዱ ፈለጉልኝ። አቧራው አፍንጫቸው ውስጥ እየገባ ያስነጥሳቸዋል፤ ይቅርታ እያሉ ይቀጥላሉ። የእኔ የለም። በመጨረሻ ራሳቸው መላ አመጡ። «መምህር፣ የኔ ልጅ፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሂድ። ሰው ቢረሳህ ፔሮል አይረሳህም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የደመወዝ መክፈያ ቅጾቹ ከነጥራዛቸው ተርፈው ተገኙ። ስሜ፣ ፊርማዬ፣ በየወሩ ለጡረታ የተቆረጠው ሰባት በመቶ ሳይቀር ተሰልፎ አለ። አንዱ ወር ላይ ፊርማዬ ተንጋዷል፤ በወባ ታምሜ ቤቴ ድረስ ያስፈረሙኝ ጊዜ ነው። ኮፒውን ማኅተም አስመትቼ ወደ ኃላፊው ቢሮ ስገባ ጉዳዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ኃላፊው ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «መምህር፣ ይህ የደመወዝ ማስረጃ እንጂ የአገልግሎት ማስረጃ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ያላገለገለ ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል?»

«እሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም። በዚያ ላይ ክሊራንስ ሳይወስዱ ነው የሄዱት።»

ክሊራንስ ማለት ከንብረት ዕዳ ነፃ መሆንን የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ዕዳ የተባለብኝ ምን መሰላችሁ? ትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ውስጥ በስሜ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ ወጪ የሆነ የ11ኛ ክፍል ሒሳብ የመምህሩ መምሪያ ነው። መልሼዋለሁ፤ ግን ገቢ የሆነበት ወረቀት የለኝም። ቤተ መጻሕፍቱ ተዘርፎ፣ ወንበር ለማገዶ ተፈልጦ፣ የሥራ ዘመኔን የሚያሳየው ማኅደር ጠፍቶ፣ የዚያ መጽሐፍ መረከቢያ ቅጽ ብቻ ደህና ተቀምጦ ቆየኝ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ መጽሐፉ ቢገኝ እንኳን የሚያስተምርበት መምህር የለም። ዋጋውን ልክፈል አልሁ። ዋጋ የሚተምነው ኮሚቴ ነው ተባለ። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል? «ከበዓል በኋላ ይመለሱ።»

ማክሰኞ ተመለስሁ፤ ስብሰባ ላይ ነው። ረቡዕ ተመለስሁ፤ ወደ ዞን ሄዷል። ሐሙስ ቢሮው ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ዓርብ ስቅለት ነው። እናቴ ቅዳሜ ማታ ዶሮዋን እየገነጣጠለች ፊቴን አይታ፣ «አንተ ከአሜሪካ የመጣኸው ለዚህ ነው ወይስ ለማኅተም?» አለችኝ። ለሁለቱም ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሼ እቤቷ ፈሰክሁ፤ ሲነጋ ግን እየቆጠርሁ የነበረው እስከ በረራዬ የቀረውን ሰዓት ነው። ያንን ፋሲካ ያበላሸብኝን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም፤ ልልም አልፈልግም።

ከተመለስሁ በኋላ እህቴ ዕዳውን በሙሉ በገንዘብ ከፈለች። ደረሰኙን ይዛ ስትሄድ ዩኒቨርሲቲው ያለ ምንም ጭቅጭቅ ትራንስክሪፕቱን አሽጎ ሰጣት። ገንዘቡ፣ በተለይ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በሳምንት አገኝ የነበረውን እንኳን አይሞላም። የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ እጥፍ ድርብ ነው። የአገልግሎት ደብዳቤው ደግሞ ከከፈልሁ ከወራት በኋላ ተፈርሞ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት መጣ። ያስጨረሱት መዝገብ ቤት ያሉት ወይዘሮ ናቸው። አሁን ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ከፈቃዴ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ለመንግሥት ዕዳ አልነበረብኝም፤ ሁለት ጊዜ ነው የከፈልሁት፣ በጠመኔም በብርም።

እናንተ ግን እንዲህ አታድርጉ። ደንቡ መምህር በአገልግሎቱ ይወጣዋል ይላል፤ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም «መብትህ ነው፣ ደብዳቤ አጽፍ» ይሏችኋል። መብት መሆኑን አልክድም። አገር ቤት ያለ ሰው እየተመላለሰ ያስከብረው። ቪዛ የያዘ ሰው ግን ይክፈልና ይገላገል። ደብዳቤ ማጻፍ ካለባችሁ ሥራ ሳትለቁ፣ ወንበራችሁ ላይ እንዳላችሁ አጽፉት፤ ከለቀቃችሁ በኋላ ማንም አያውቃችሁም። የመለሳችሁትን መጽሐፍ ገቢ የተደረገበትን ወረቀት ኮፒ ያዙ፤ ቢስቁባችሁም ያዙ።

የታሸገ ትራንስክሪፕት ከአንድ በላይ አውጡና ሳትከፍቱ ይዛችሁ ተጓዙ። ድርጅቶቹ «ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይላክልን» የሚል መመሪያ አላቸው፤ እኔ የተገለገልሁበት ግን ማኅተሙ ያልተነካ ፖስታ ከእጄ ተቀብሏል። የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኛል፤ መመሪያውን ብቻ አንብቦ የሚተኛ ግን ዓመቱን ይጠብቃል። ለዘመድ ስትልኩ ደግሞ «እንዳትከፍቱት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት፤ ሐበሻ የታሸገ ፖስታ ይዞ ሳያየው አያድርም።

ስማችሁንም ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የእኔ ዲግሪ ላይ የአባቴ ስም አንዲት ፊደል ተርፋበት ነበር፤ በምስክር ማስረጃ አስተካከልሁት።

ሥራው ራሱ ከጠበቅሁት ይሻላል። ከስድሳ በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል ሲያስተምር ለኖረ ሰው ሠላሳ ተማሪ ዕረፍት ነው፤ ግን ስገባ የሚነሳልኝ የለም፣ አንዳንዱ ስልኩን እንኳን አይደብቅም። እዚህ አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ጃንዋሪ 7 ቀን፣ የእኛ ገና ሲሆን፣ ከእነሱ መካከል የሚቀሩት ስለሚበዙ ያንን ቀን ፈተና እንዳይመደብ ለሒሳብ ክፍላችን በየዓመቱ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ እኔም የግል ፈቃዴን ለዚያ ቀን አስቀምጣለሁ። አዲስ የምትቀጠሩ፣ የፈቃድ ጥያቄያችሁን ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አስገቡ። ታኅሣሥ ላይ ከጠየቃችሁ የሚተካችሁ መምህር አይገኝም ትባላላችሁ።

ሁለቱ ፋሲካዎች እንደገና የሚገጥሙት በ2028 ኤፕሪል 16፣ በእኛ ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። ትኬቴን ከሌላው ቀድሜ እቆርጣለሁ። እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ መዝገብ ቤት ላሉት ወይዘሮ የሚሆን ጋቢ እይዛለሁ፤ የኃላፊውን በር ግን አልረግጥም።