ሳይነቀል የቀረው መንጋጋዬ

የግራ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ የሥር ሕክምና፣ ማለትም የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን አጽድቶ የማሸግ ሕክምና፣ ዛሬ ተጠናቀቀ። ማደንዘዣው ከከንፈሬ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ሆኖም ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ሳይደበዝዝ ላሰፍረው ፈለግሁ፤ ምክንያቱም በዙሪያዬ ያሉ ብዙ ሰዎች ለታመመ ጥርስ የሚያውቁት መፍትሔ ማስነቀል ብቻ ነው።

ይህ መንጋጋ የወተት ጥርስን ተክቶ የሚወጣ አይደለም። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ በራሱ ቦታ ስለሚበቅል፣ ብዙ ወላጆች እሱም እንደ ሌሎቹ የሚወልቅ ይመስላቸውና ሲቦረቦር ዝም ይሉታል። የእኔ በልጅነቴ ተሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን ከሙሌቱ ሥር መበስበሱ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ዘለቀ። በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ያመኝ ጀመር፤ ቀጥሎ ትኩስ ቡና፤ በመጨረሻም ያለ ምንም ምክንያት፣ በተለይ ሌሊት ጋደም ስል፣ እስከ ጆሮዬ የሚዘልቅና ለጠላት እንኳ የማይመኙት ሕመም ሆነ። ሐኪሟ ምክንያቱን ስታስረዳኝ በሚገባ ገባኝ። ሌላው ሰውነታችን ሲቆጣ ያብጣል፤ ነርቩና የደም ሥሮቹ ያሉበት የጥርስ ውስጠኛ ክፍል ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የተከበበ ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ስንተኛ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ግፊቱ ስለሚጨምር ሕመሙ ይብሳል።

ከዚያ ሕመሙ በድንገት ጠፋ። እናቴ «ተመስገን፣ ተሻለሽ!» አለች፤ ለማስታገሻ ያስያዘችኝ ቅርንፉድ ሠራ ብላም ደስ አላት። ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ይህችን ደረጃ ነው። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለ ዳነ ሳይሆን ስለ ሞተ ነበር። የሞተውን ክፍል ባክቴሪያ ይወርሰዋል፤ ከዚያም በሥሩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ማቁሰል ይጀምራል። ራጁ ላይ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የታየው ጥቁር ጥላ አጥንቱ የሳሳበት ቦታ ነበር። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ፋርማሲ ገብተን አሞክሳሲሊን እንገዛለን። ነገር ግን መድኃኒት ወደ ታመመው ቦታ የሚደርሰው በደም ነው፤ ነርቩ በሞተበት ጥርስ ውስጥ ደግሞ የሚዘዋወር ደም የለም። ክኒኑ ፊት ያበጠበትንና ትኩሳት ያለበትን ሰው ሊረዳ ይችል ይሆናል እንጂ ምንጩን አያደርቀውም።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያጣራችው ጥርሱ መዳን የሚችል መሆኑን ነው። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ መነቀሉ አይቀርም ነበርና ይህን ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ሐቀኝነቷን ወደድሁት። ካደነዘዘችኝ በኋላ በጥርሱ ዙሪያ ስስ የላስቲክ መሸፈኛ ወጠረች። ይህ መሸፈኛ እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን ምራቅ ከነባክቴሪያው ወደ ተከፈተው ጥርስ እንዳይገባ፣ ቀጫጭኖቹ መሣሪያዎችም ወደ ጉሮሮ እንዳይወድቁ ይከላከላል። እንደ እኔ ያለው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥሮችና ሦስት ቦዮች አሉት፤ አንዳንድ ሰው ላይ አራተኛም ይገኛል፤ የእኔ አራት ሆነው ተገኙ። አንዱ ቦይ ተረስቶ ሳይጸዳ ቢቀር ቁስሉ ከዚያው ያገረሻል። ስለዚህ ረጅሙን ሰዓት የወሰደው ፍለጋውና እያንዳንዱን ቦይ እስከ ጫፉ በቀጫጭን ሞረዶች ማስፋቱ ነበር። ሞረዱ የማይደርስበትን ስርጓጉጥ የሚያጸዳው ፈሳሽ ደግሞ በቤታችን በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት መሆኑን ስሰማ ተገረምሁ።

በመጨረሻ ቦዮቹ ጉታ ፐርቻ በሚባል፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ወተት በሚሠራ ነገር ተሞሉ። ከእሱ ጋር ከሚገቡት ማሸጊያዎች አንዳንዶቹ ዩጂኖል አለባቸው፤ ይህም የቅርንፉድ ዘይት ዋና ክፍል ነው። ለእናቴ ይህን ስነግራት ፊቷ በራ። ቅርንፉዱ ሕመምን ያስታግሳል መባሉ እውነት ነው፤ የሞተውን ነርቭ አውጥቶ ቦታውን ማሸግ ግን አይችልም።

እናቴ እኔ ከመታከሜ በፊት «ንቀይውና ተገላገይ፤ የሞተ ጥርስ ምን ያደርግልሻል?» ብላኝ ነበር። እንዲህ ማለቷ አይፈረድባትም፤ በእሷ ዘመን ሌላ ምርጫ ያቀረበላት አልነበረም። መንጋጋዎቿን አንድ በአንድ ካስነቀለች በኋላ አጠገባቸው የነበሩት ወደ ባዶው ቦታ አዘነበሉ፤ ከላይ ያለውም ወደ ታች ወረደ፤ ቆሎ ከቆረጠመች ዓመታት አልፈዋል። ነርቩ የወጣለት ጥርስ ሙቀትና ቅዝቃዜ ባይሰማውም ሞቷል ማለት ግን ልክ አይመስለኝም። ከአጥንቱ ጋር የሚያያዙት ጅማቶች በሕይወት ስላሉ ጫናን ይለያል፤ በእንጀራ ውስጥ የተገኘችን ደቃቅ አሸዋ ያውቃታል። ይህን ስሜት እንደ ተፈጥሮው አድርጎ የሚተካ ሰው ሠራሽ ጥርስ የለም።

ነርቩ የወጣ ጥርስ ሰውነትን ይመርዛል የሚለውን ወሬም ሰምቼ ነበርና መነሻውን ፈለግሁ። የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1910 ሞንትሪያል ውስጥ ባደረጉት ንግግር የጥርስ ሐኪሞችን፣ የተበከሉ ጥርሶችን ሳይነቅሉ እየሸፈኑ ሰውነትን ለበሽታ ይዳርጋሉ ብለው አጥብቀው ወቀሱ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ እጅግ ብዙ ጥርሶች ተነቀሉ። አስተሳሰቡ በኋላ ማስረጃ አጥቶ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ካኬሃሺ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከጀርም ነጻ ሆነው ባደጉ አይጦች ላይ የጥርሳቸውን ነርቭ ገልጠው ቢተዉት ሳይሞት ራሱን ሲጠግን አዩ፤ በተራ አይጦች ላይ ግን ሞተ። ጠላቱ ባክቴሪያው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላነበብሁም።

ወጪው ከማስነቀል እጅግ ይበልጣልና ሁሉም ሰው ሊችለው እንደማይችል አውቃለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ገንዘቡ እያለው «ሊድን ይችላል?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚያስነቅለውም ጭምር ነው።

አሁን ያለው ሙሌት ጊዜያዊ ነው። ውስጡ የተቦረቦረ መንጋጋ በማኘክ ኃይል ሊሰነጠቅ ስለሚችል ጥርሱን እንደ ቆብ በሚያለብስ ክራውን መሸፈን አለበት፤ ብዙ ሰው ሕመሙ ስለ ጠፋ ብቻ ይህን ሳያስጨርስ ቀርቶ የታከመለትን ጥርስ ያጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ልኬቱ ይወሰዳል፤ እስከዚያ በቀኝ በኩል አኝካለሁ። ከዓመት በኋላ ደግሞ በሥሩ ጫፍ ያለው ጥላ በአጥንት መሞላት አለመሞላቱን ለማየት ዳግም ራጅ እነሣለሁ።