ካሸነፈችሽ ሴት ጋር አብሮ መሥራት

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የክፍል ኃላፊ ቦታ ወጣና ሁለት ባልደረቦቼ ተወዳደሩ። ያልተሳካላት ልጅ ቦታውን ካገኘችው ጋር ሰላምታም አቆመች። ይባስ ብሎ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አብራችሁ ሥሩ ተባሉ። «ከእሷ ጋር? ሞቼ ነው!» አለችኝ ምሳ ላይ፣ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ እያስቀመጠች። ቴኒስ ስለምወድ የሶቪየቷን ቴኒስ ተጫዋች የኦልጋ ሞሮዞቫን ታሪክ ነገርኳት።

ኦልጋ የሞስኮ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 ፓሪስ ውስጥ በሮላን ጋሮስ፣ በታላቁ የፈረንሳይ ቴኒስ ውድድር፣ ለነጠላ ፍፃሜ ደረሰች። አሜሪካዊቷ ክሪስ ኤቨርት 6ለ1፣ 6ለ2 አሸነፈቻት። ክሪስ ገና 19 ዓመቷ፣ ኦልጋ ደግሞ 25። ሁለቱ ግን በዚያው ውድድር የጥንድ ተጣማሪዎች ነበሩ። የጥንዱን ዋንጫ አብረው ወሰዱት! አጨዋወታቸው ለየቅል ነው። ክሪስ ከኋላ ሆና ሳትሰለች ኳስ ትመልሳለች፤ ኦልጋ ሰርቭ አድርጋ፣ ማለትም የመጀመሪያዋን ኳስ መትታ፣ ወደ መረቡ ትሮጣለች። አንዷ ጋ የጎደለው ሌላዋ ጋ ሞልቷል። ያኔውኑ በለንደኑ ታላቅ ውድድር በዊምብልደን ኦልጋ ታላቋን ቢሊ ጂን ኪንግን ሩብ ፍፃሜ ላይ አሰናበተች። ፍፃሜው ላይ የጠበቀቻት ግን ያችው ክሪስ ናት። አሁንም ተሸነፈች።

ባልደረባዬ ዝም ብላ ሰምታኝ «ከዚያስ?» አለች።

ከዚያማ የባሰው መጣ። ሶቪየት ኅብረት የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች ስለሚሳተፉ ተጫዋቾቿን ከውጭ ውድድር አስቀረች። ኦልጋ 30 ዓመት እንኳ አልሞላትም። አፓርታይድን መቃወም ተገቢ ነው። ግን ገና መጫወት የምትችል ሴት፣ ሳትጠየቅ፣ ከሥራዋ መቅረቷ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እሷ ግን ከሜዳው አልራቀችም። በ1980ዎቹ የሶቪየት ሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነች፤ በኋላም እንግሊዝ ሄዳ የዚያን አገር ልጆች አሠለጠነች። ከብሔራዊ ቡድን ልጆቿ አንዷ ናታሻ ዝቬሬቫ ናት። ዝቬሬቫ በ17 ዓመቷ፣ በ1988 የሮላን ጋሮስ ፍፃሜ፣ ጀርመናዊቷ ስቴፊ ግራፍ 6ለ0፣ 6ለ0 አሸነፈቻት። አንዲት ጌም እንኳ አላገኘችም። በዓመቱ ከሶቪየቷ ላሪሳ ሳቭቼንኮ ጋር ተጣምራ እዚያው ተመለሰች። በጥንድ ፍፃሜው ከመረቡ ማዶ የቆሙት ጋብሪኤላ ሳባቲኒና ያችው ግራፍ ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት ሳቭቼንኮና ዝቬሬቫ ናቸው፤ 6ለ4፣ 6ለ4።